ድመትና ውሻ የዘነበ ለታ

የልጄን የእንግሊዝኛ ደብተር ስገልጥ፣ ከባድ ዝናብን «ድመትና ውሻ ዘነበ» የሚለውን የፈረንጆቹን አባባል አየሁት። መምህሯ በቀይ ራይት አድርጎበታል። ኮተቤ ዛሬም ይዘንባል፤ እርጥብ ጭቃ ሸተተኝ።

ልጅ ሆኜ የካ ሚካኤል አጠገብ ስንኖር፣ ሰኔ ላይ ከእንጦጦ የወረደ ጎርፍ የጭቃ ግድግዳችንን አባቴ እግር ላይ ጣለው። በሳምንቱ መምህራችን ስለ ዝናብ በእንግሊዝኛ ጻፉ አለን። አባባል ላስገባ ተማሪ ማርክ ይጨምር ስለነበር ያንኑ «ድመትና ውሻ ዘነበ» ጻፍኩና ከአስር አስር አገኘሁ። ደብተሬን ይዤ አባቴ ወደተኛበት ሮጥኩ። ወጌሻ ያሸው እግሩ በቀርከሃ ታስሮ ቅቤ ቅቤ ይሸታል።

«ምን ይላል?» አለኝ።

ተረጎምኩለት። ደብተሩን ትክ ብሎ አየው።

«ታዲያ እኔን የሰበረኝ ድመቱ ነው ውሻው?»

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

«ግድግዳውንስ የት አደረግሽው?»

ግድግዳው ማርክ አያስገኝም ነበር።

አባቴ እስኪሞት ድረስ ያለ ከዘራ አልሄደም። ለምን እንደሆነ ለልጄ ነግሬያት አላውቅም።

«አሪፍ ነው አይደል፣ እማዬ?» አለችኝ ደብተሯን እያየች።

«ጎበዝ» አልኳት።