የፈንታነሽን ድምፅ ያበላሸሁት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ። ጾም መግደፌን፣ እናቴን አኩርፌ መክረሜን፣ ሰው ማማቴን ሁሉ ተናዝዣለሁ፤ ይህንን ግን ይዤው ገብቼ ይዤው እወጣለሁ። እንዴት ብዬ ልንገራቸው? አባ፣ የጓደኛዬን ድምፅ በኮምፒውተር አበላሸሁት ልበላቸው? ምን ማለትሽ ነው ልጄ ቢሉኝስ? ለእሳቸው ማስረዳት ይከብዳል እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖርኩ። የከበደኝ ማስረዳቱ አልነበረም። እናንተ አታውቁኝም፣ ፊቴንም አታዩትም። ስለዚህ ለእናንተ ልናገር።

ትርንጎ እባላለሁ። ዳባት ተወልጄ ዳባት ተማርኩ፤ ፈተናው ሳይቀናኝ ሲቀር ሥራ ፍለጋ ደባርቅ መጣሁ። የተቀጠርኩት ስልክ የሚጠገንበት፣ ሚሞሪ ላይ ዘፈን የሚጫንበት ሱቅ ውስጥ ነው። ባለቤቱ ጋሼ አዱኛ ስልኩን ይፈታሉ፣ እኔ ዘፈኑን እጭናለሁ። የሚኒባስ ሹፌሮች፣ ቱሪስት ይዘው ተራራ የሚወጡ አስጎብኚዎች፣ ከበየዳ ለገበያ የመጡ ገበሬዎች ሳይቀሩ ደንበኞቼ ነበሩ።

ፈንታነሽ ተራራው ላይ ያለችው የአምባራስ መንደር ልጅ ናት። ለትምህርት ደባርቅ መጥታ እዚያው ቀረች፤ ቱሪስቶች የሚያርፉበት ሆቴል አንሶላ ታጥብ ነበር። ለየብቻ ኪራይ መክፈል ስላልቻልን አንድ ክፍል አብረን ተከራየን። ከአምባራስ የሚላክላት በሶና ቆሎ የሁለታችን ነበር። ብርዱ ሲጠና ብርድ ልብሶቻችንን ደርበን አንድ ፍራሽ ላይ እንተኛለን። እሷ «እቴ» ትለኛለች፣ እኔ «ፈንታዬ» እላታለሁ። እህት የለኝም፤ እሷን ካገኘሁ በኋላ ግን እህት የለኝም ማለት ትቼ ነበር።

ደግሞ ትዘፍናለች። ስታጥብም፣ ስትጠርግም፣ ፀጉሯን ስትሠራም። ከፍ ሲል የማይሰነጠቅ፣ ዝቅ ሲል የማይጠፋ ድምፅ ነበራት። የግቢው ተከራዮች ሬዲዮናቸውን ቀንሰው ይሰሟት ነበር።

እኔ ሙዚቃ መሥራት የጀመርኩት አንድ ሹፌር ባመጣው ፍላሽ ሰበብ ነው። ፍላሹ ላይ ቃል የሌለው፣ በኮምፒውተር ብቻ የተሠራ ሙዚቃ ነበረ። ሰምቼው ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ። ጋሼ አዱኛ የሙዚቃ መሥሪያውን ፕሮግራም ከጎንደር አስመጡልኝ፤ እኔ ደግሞ ማስተማሪያ ቪዲዮ እያወረድኩ፣ እንግሊዝኛው ግማሹ እየገባኝ ግማሹን እየገመትኩ ተያያዝኩት። የመጀመሪያ ሥራዎቼ ጭቃ ነበሩ። ሚክስ ማድረግ፣ ድምፆቹን አንድ ላይ ማዋሃድ ማለት፣ ሁሉንም ማስጮህ መስሎኝ ነበር። ከበሮው ሲያንስብኝ ከበሮውን ከፍ፣ ወፍራሙ የባስ ድምፅ ሲያንስብኝ ባሱን ከፍ፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም ይጮሃል፣ አንዱም አይሰማም። ሚክስ ማለት ለእያንዳንዱ ድምፅ ቦታ መልቀቅ መሆኑ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። ባሱ ፈቀቅ ካላለ ዘፋኙ መቆሚያ አያገኝም። የሠራሁትን በባጃጅ ሹፌሮች ፍላሽ ላይ እጭንና አጠገባቸው ቆሜ አዳምጣለሁ። በዚያ በተቀደደ ስፒከር ደህና ከተሰማ የትም ይሰማል።

እሑድ ሱቁ ዝግ ስለሆነ ጋሼ አዱኛ ቁልፉን ይሰጡኛል። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፈንታነሽን ብርድ ልብስ አከናንቤ እቀዳታለሁ። ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ማይኩ ውስጥ እንዳይገባ ነው። ላብ በላብ ሆና ከብርድ ልብሱ ስትወጣ ሁለታችንም በሳቅ እንፈርሳለን። አንድ የራሷ ዘፈን ነበራት፣ ግጥሙም ዜማውም የእሷ። አምባራስ ጭጋግ ሲወርድ ታናሽ እህቷ መንገድ እንዳይጠፋት እየተጣራች ትመራት እንደነበር ነግራኛለች፤ ዘፈኑም ስለዚያ ነው።

«መንገዱ ጭጋግ ነው አያሳይ ከፊቴ፣
ድምፄን ተከትለሽ ነይልኝ እህቴ።»

«ሙዚቃው ያንቺ፣ ጉሮሮው የኔ» ትለኝ ነበር። «የትም ብንገባ አብረን ነው።»

አመንኳት። ከማንም ሰው ቃል በላይ ያመንኩት ይህንን ነበር።

አንድ ቀን የሆቴሉ ዘበኛ ስልኩ ላይ መዝሙር ሊያስጭን መጣ። ቆሞ ሲጠብቅ፣ «ጓደኛሽ ጎንደር ልትገባ ነው አሉ» አለኝ።

«የምን ጎንደር?»

«ስቱዲዮ ያለው ሰውዬ እኛ ጋ አርፎ ነበርኮ። አንሶላ ስታሰጣ ስትዘፍን ሰማና ቁጥሩን ሰጣት። የተቀዳ ዘፈን ላኪልኝ ብሏታል። እኔማ የምታውቂ መስሎኝ!»

«አውቃለሁ» አልኩት። መዝሙሩን ጭኜ ስልኩን መለስኩለት።

እራት ላይ ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልነገረችኝም። በማግሥቱም ጠበቅሁ። ስለ ሆቴሉ እንግዶች አወራችኝ፣ ስለ አለቃዋ አወራችኝ፣ ስለዚያ ሰው ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ «እቴ፣ ያን ዘፈን ቶሎ ጨርሽልኝ። በሞቴ፣ አሳምሪው» አለችኝ።

«ምነው ቸኮልሽ?»

«እንዲሁ። መስማት ፈልጌ ነው።»

እንዲሁ! ይህች ቃል እንዴት እንደበላችኝ ልነግራችሁ አልችልም። አንድ ገበታ በልተን፣ አንድ ብርድ ልብስ ለብሰን፣ በኔ እጅ በተሠራ ሙዚቃ ልትሄድ ነው አልኩ። እኔ ብርድ ልብስ ይዤ የቆምኩት ለዚህ ነበር? እኔን መሰላል አድርጋ ወጥታ መሰላሉን ልትጥለው ነው? ሌሊቱን አጠገቤ ተኝታ ስትተነፍስ እየሰማሁ ጠላኋት። የተካድኩት እኔ ነበርኩ። ቢያንስ ያኔ እንደዚያ ነበር የማውቀው።

እሑድ ብቻዬን ሱቁን ከፍቼ ገባሁ። መጀመሪያ ዘፈኑን አሳምሬ ጨረስኩት። ይህን ልደብቃችሁ አልፈልግም። በሕይወቴ የሠራሁት የመጀመሪያው ያማረ ሚክስ ያ ነበር። ድምፅዋ መሀል ላይ ጥርት ብሎ ተቀምጦ፣ ከበሮው ከሥሩ እየሄደ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዞ። ሰምቼው አለቀስኩ። ያ ሰው ይህን ከሰማ ይወስዳታል፤ እኔ ባዶ ክፍል ውስጥ እቀራለሁ።

ከዚያ ማበላሸት ጀመርኩ። ድምፅ የሚያስተካክል ሰው ድምፅ የት ላይ እንደሚጎዳም ያውቃል። ቃናዋን በጣም በትንሹ ዝቅ አደረግሁት፤ የሰማ ሰው ቅጂው ተበላሽቷል እንዳይል፣ ልጅቷ ትስታለች እንዲል። ከድምፅዋ ውስጥ ሙቀት ያለበትን መሀሉን ቀነስኩት። ከከበሮው ጥቂት ወደ ኋላ ጎተትኳት፣ ሁልጊዜ የዘገየች እንድትመስል። ባሱን መልሼ ላይዋ ላይ ቆለልኩት። ሙዚቃውን ግን አልነካሁትም። ለምን አልነካሁትም? የራሴ ስለሆነ? ወይስ ሁሉም ቢበላሽ ጥፋቱ የኔ መሆኑ ይታወቃል ብዬ ፈርቼ? ሁለቱም ነው። መጨረሻ ላይ ያማረውን ቅጂ አጠፋሁ። ከብርድ ልብሱ ሥር የተቀዳውን ጥሬ ድምፅም አጠፋሁ።

ተናድጄ ነው ልል እችል ነበር። የተናደደ ሰው ያገኘውን ይሰብራል። እኔ ግን እየሰማሁ፣ እያስተካከልኩ፣ ደግሜ እየሰማሁ ነው የሠራሁት። ማንም አላዘዘኝም። እኔ ነኝ የሠራሁት።

ማታ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረግሁላት። ስትጀምር ፈገግ ብላ ነበር። ከዚያ ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊቷ ወረደ።

«እቴ... ድምፄ እንዲህ ነው እንዴ?»

መመለስ የምችለው ያኔ ነበር። ቆይ፣ አንድ ነገር ተሳስቻለሁ ብል ያልቅ ነበር። ምን አልኳት መሰላችሁ?

«ማይክ አይዋሽም፣ ፈንታዬ። ሌላው የሚያሞግስሽ ስለሚወድሽ ነው። እኔ ግን እውነቱን ነው የምነግርሽ።»

«ያለኝ ይኸው ነዋ» አለች፣ ለራሷ። እና ለማን እንደሆነ ሳትነግረኝ ላከችው።

የሰውየው መልስ በድምፅ መጣ። ያኔ ስለ ሰውየው ነገረችኝና ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ እኔ ፊት ከፈተችው። ድምፅሽ ቃና አይይዝም፣ ይቅርታ እህቴ፣ አይሆንም ይላል። ቀጥሎ ደግሞ፣ ሙዚቃው ግን ጥሩ ነው፤ የሠራው ማን ነው? እንዲህ ያለ ልጅ እፈልጋለሁ ይላል።

ፈንታነሽ ስልኩን አስቀመጠች። «ሳይሆን ቢቀር አንቺ ፊት አፍራለሁ ብዬ ነው የደበቅሁሽ» አለችኝ ኋላ። «ቢሆንማ መጀመሪያ የምነግርሽ አንቺን ነበር። ይኸው አልሆነም። ለኔ ካልሆነ ላንቺ ይሁን፤ ሂጂ።»

ክህደቷ ይኼ ነበር። ማፈሯ። እኔ ለዚህ ነው ድምፅዋን የወሰድኩት።

ሄድኩ። አዎ፣ ሄድኩ። ያኔም መናገር እችል ነበር፤ አልተናገርኩም። መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዬን ተሸክማ ሸኘችኝ፤ በሶ ቋጥራ ሰጠችኝ። አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮቱ በኩል፣ «ብርዱ እንዳይነካሽ!» ብላ ጮኸች።

ጎንደር ሰውየው ስቱዲዮ ውስጥ ሥራ ገባሁ። ሰውየው አንድ ቀን፣ «ያች የደባርቋ ልጅ ግርም ትለኛለች» አለኝ። «ሆቴሉ ግቢ የሰማሁት ድምፅ ሌላ ነበር። እንደገና ብንቀዳትስ?» በሩ ለሁለተኛ ጊዜ ተከፍቶ ነበር። እኔ ዘጋሁት። «ሜዳ ላይ የሚያምር፣ ማይክ ፊት የሚጠፋ ድምፅ አለ፤ ሞክሬያታለሁ» አልኩት። የሙያ ሰው መስዬ ተናገርኩ፤ እሱም አመነኝ። በሐሰት አትመስክር የሚለውን ትእዛዝ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በጓደኛዬ ላይ ሁለት ጊዜ መሰከርኩ።

ፈንታነሽ ከዚያ በኋላ መዝፈን ተወች። ሆቴሉንም ትታ አምባራስ ተመልሳ አገባች። ይህን ሁሉ ከሰው ነው የሰማሁት፤ ስልክ ስትደውልልኝ ስለ ድምፅ አንስታ አታውቅም። ስለኔ ሥራ ግን ትጠይቀኛለች።

ባለፈው ዓመት አባቷ ሲያርፉ ለልቅሶ አምባራስ ሄድኩ። ዕድሜ ለብዙ ዓመት ሥራ፣ ዛሬ የራሴ ስቱዲዮ አለኝ፤ አለባበሴም የከተማ ነው። ፈንታነሽ ከሐዘንተኞቹ መሀል ተነስታ አቀፈችኝ። ልቅሶው ጋብ ሲል ለጎረቤቶቿ እንዲህ ብላ አስተዋወቀችኝ።

«እቴ ናት፣ ደባርቅ አብረን የኖርን። ልጅ ሆነን ሁሉም ሰው ዘፋኝ ነሽ እያለ ሲሸነግለኝ እውነቱን የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት። እሷ ባትኖር የሰው መሳቂያ ሆኜ ነበር።»

ሴቶቹ መረቁኝ። እግዜር እንዳንቺ ያለ ጓደኛ አያሳጣን አሉ። እኔም አሜን አልኩ። ሌላ ምን ልል እችላለሁ? የሐዘን ቤት ነው፣ ሰው ተሰብስቧል፣ ዛሬ ቀኑ አይደለም አልኩ። ለእኔ ቀኑ ሆኖ አያውቅም።

በማግሥቱ ልሄድ ስነሳ ትንሿ ልጇ ብርጭቆ እያጠበች ታንጎራጉር ነበር። ያ ድምፅ ነው። ራሱ ነው፤ ከፍ ሲል የማይሰነጠቀው።

«ይህች ልጅ ድምፅ አላት፣ ፈንታዬ» አልኳት። «እውነቴን ነው።»

ሳቀች። «ሐዘን ላይ ነኝ ብለሽ ልታስደስቺኝ ነው። ተይ፣ እኛ ዘር ድምፅ የለም፤ ያንን ያስተማርሽኝ አንቺው አይደለሽ?» ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞር ብላ፣ «ዝም ብለሽ እጠቢ» አለቻት። ልጅቷ ዝም አለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ለማሳበቢያ የያዝኩት ሁሉ አልቆብኛል። ደበቀችኝ እል ነበር፤ እሷ ያፈረችበትን ደበቀች፣ እኔ ያላትን ሰረቅሁ። ልጅ ነበርኩ እል ነበር፤ ሚክስ ለማድረግ የደረሰ ጆሮ ነበረኝ። ስልክ ቁጥሯ እጄ ላይ አለ፣ አምባራስም የሚደረስበት አገር ነው። ያልነገርኳት ስለምወዳት ነው እንዳልል፣ የፈራሁት የእሷን ማዘን ሳይሆን የምትወደኝን ማጣት ነው።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ እናንተን ምን በደልኳችሁ? ይቅር ልትለኝ የምትችለው አንድ ሰው ናት፤ እሷ ደግሞ እስከ ዛሬ ታመሰግነኛለች።