አስር የብረት እንስሳ ለአንድ ጠረጴዛ

ነገሩ በጠቅላላ አራት መቶ አስራ አንድ ዶላር ፈጅቷል። ጠመንጃው፣ የማነጣጠሪያ መነጽሩ፣ ማስደገፊያው፣ የእርሳስ ጥይቱ፣ የውድድሩ መመዝገቢያ፣ ቤንዚንና ቁርስ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ኧርቪንግ፣ ንጋት አስራ አንድ ተኩል

ማንቂያው ሳይጮህ መኪና ውስጥ ነበርኩ። የምንኖረው ኤርፖርቱ አጠገብ ነው፤ አውሮፕላኖቹ ከጣራችን በላይ እየተከታተሉ ይወርዳሉ፤ እኔም እንደነሱ አንድ ቦታ መቆም አቅቶኛል። በየሳምንቱ ገበያ ጫማና የስልክ ሽፋን እሸጣለሁ። ኢኮኖሚው ከወደቀ ወዲህ ሰው ዕቃውን ያነሳል፣ ያገላብጣል፣ መልሶ ያስቀምጣል። አንድ ደንበኛዬ ታዲያ ማኪኒ አካባቢ በየወሩ የአየር ጠመንጃ ውድድር እንዳለ ነገረኝ። ከብረት የተቆረጡ ትናንሽ እንስሳትን ተኩሶ መጣል ነው፤ ተኳሾቹ ለጥይትና ለመነጽር አይሰስቱም አለኝ። ሜዳውን ለሚመራው ዴል ለሚባል ሽማግሌ ደወልኩና የጥይትና የመነጽር መሸጫ ጠረጴዛ ጠየቅሁ። ህጉን የማያውቅ ሰው እዚህ ዕቃ አይሸጥም፤ አንድ ሙሉ ውድድር ተኩስ፣ ከአርባው እንስሳ አስር ከጣልክ ጠረጴዛው ያንተ ነው አለኝ።

ሳክሲ፣ አስራ ሁለት ሰዓት ከሩብ

ጋሼ ደምሴ በራቸው ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ድሮ በጦር ሠራዊት የተኩስ አሰልጣኝ ነበሩ፤ አሁን ኤርፖርት ታክሲ ይነዳሉ። ህጉ ከተኳሹ ጎን አንድ ረዳት ይፈቅዳል፤ ዓይናቸውን ፈልጌ ነው የጠራኋቸው። የጠመንጃውን ቦርሳ አነሱና ወዲያው አስቀመጡት።

«ምንድነው ይሄ፣ መትረየስ ነው?»

ሱቅ ውስጥ ሦስት ጠመንጃ በእጄ መዝኜ ከባዱን እንደወሰድኩ ነገርኳቸው። መርካቶ ያደገ ሰው ቀላል ዕቃ አያምንም።

«የሚሸከመው አንተ ነህ» አሉና ገቡ።

መንገዱ ባዶ ነው። የጂፒኤሷ ሴትዮ አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ ትላለች፤ ጋሼ «ይቺ ተሳፋሪ ብትሆን አወርዳት ነበር» ይላሉ። ግራና ቀኙ ግማሽ ላይ የቆሙ አዳዲስ ቤቶች፣ የደረቀ ሣር፣ «ለሽያጭ» የሚል ሰሌዳ። ቁርስ ከቤንዚን ማደያ፦ ሁለት ቡሪቶ የሚሉት ጥቅል ቂጣ ከቡና ጋር፣ ዘጠኝ ዶላር። የእኔን ግማሹን ጣልኩት።

ከማኪኒ ወዲያ፣ አንድ ሰዓት ተኩል

የጠጠር መንገድ፣ የሽቦ አጥር፣ በር፣ ቆርቆሮ ጥላ። ከጥላው ሥር የተንጠለጠለ ሚዛን አለ። የጠመንጃው ክብደት ወሰን ከነመነጽሩ አስራ አንድ ፓውንድ፣ አምስት ኪሎ ገደማ ነው፤ የእኔ በግማሽ ፓውንድ በለጠ። መርካቶ ሚዛን ጎደለ ተብሎ ሰው ሲጣላ አይቻለሁ፤ በዛብህ ተብዬ ስያዝ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ዴል ጣቱን ባለ ሁለት እግር ማስደገፊያው ላይ አደረገ። ለካ እሱም ክልክል ነው። ቆሞ ነው የሚተኮሰው፤ መደገፊያ የለ፣ በክንድ የሚጠመጠም ማንገቻ የለ። ሠላሳ ዶላር የወጣበትን ማስደገፊያ ፈትቼ መኪናዬ ኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ወረወርኩት። ክብደቱ ወረደና ጠመንጃው ሚዛኑን አለፈ።

ሦስት ሰዓት

ዶሮዎቹ ቅርብ ናቸው፤ ከዚያ አሳማ፣ ከዚያ ተርኪ የሚሉት ትልቅ ወፍ፣ መጨረሻ ሩቁ በግ። ከየዓይነቱ አስር፣ አምስት አምስት ሆነው ይደረደራሉ። ለአምስቱ አምስት ጥይትና ሁለት ደቂቃ ተኩል ይሰጥሃል። ከግራ ጀምረህ ወደ ቀኝ በተራ ነው፤ ጥይት ነክቶት ዞሮ የቆመ አይቆጠርም፣ ከቆመበት መደብ መውደቅ አለበት።

ዶሮ ሦስት። አሳማ አራት፤ የማልበላው ነው የተሳካልኝ። በተርኪ ላይ የጠመንጃው ክብደት ክንዴን ወደ ታች ጎተተው፣ አንድ ብቻ። ከመጀመሪያዎቹ አምስት በጎችም አንድ። ዘጠኝ። አምስት ጥይት ቀርቶኛል፣ የምፈልገው አንድ በግ ነው።

የመጀመሪያውን ሳትኩ። ሁለተኛውን አለምኩ፤ አፈሙዙ በክብደቱ ወደ ቀኝ ተንሸራተተ፣ ተኮስኩ፣ ሦስተኛው በግ ወደቀ። ውጤት የሚጽፈው ዴል ብረቱ ሲጮህ ቀና አለና የትኛው በግ እንደወደቀ ሳይለይ «መታ» ብሎ ጻፈ።

አስር።

ጋሼ ደምሴ ከርቀት መነጽራቸው ዓይናቸውን ሳያነሱ በዝግታ ተናገሩ። «ያለምከው ሁለተኛውን ነበር። ዝም ካልክ ግን ጠረጴዛው ያንተ ነው።»

ከተራው ውጭ የወደቀ እንደተሳተ ይቆጠራል፤ የወደቀውም ስለሌለ ለሱ የተመደበው ጥይትም አብሮ ይሄዳል። አንዱን ስህተት ሁለት ጊዜ ትከፍላለህ። ሰዓቱ እየሄደ ነው። ቅድስና አይምሰላችሁ፤ ጠዋት በሚዛን ተይዣለሁ፣ በዚያው ቀን ሁለተኛ መያዝ አልፈለግሁም።

ዞሬ ለዴል ነገርኩት፦ ሁለተኛውን ነው ያለምኩት፣ ሰርዘው።

አየኝ። ሰረዘው። ሁለት ጥይት ቀረ። አራተኛውን በግ አገኘሁት፤ ዞሮ ጎኑን ሰጠኝና ቆመ። አምስተኛውን ሳትኩ።

ስድስት ሰዓት

ዴል የውጤት ወረቀቱን ፈርሞ ሰጠኝ። በሚቀጥለው ወር ቀለል ያለ ይዘህ ና አለኝ፣ ስለ ሁለተኛው በግ እውነቱን ስለተናገርኩም እጄን ጨበጠኝ። ጠረጴዛውን ግን አልሰጠኝም፤ ዘጠኝ ዘጠኝ ነው።

ከበሩ ውጭ፣ የዴል ህግ በማይደርስበት፣ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ የኋላ ዕቃ መጫኛውን ክዳን ከፈትኩት። ጥንቸል የሚያድን አንድ ሰውዬ ማስደገፊያውን በሠላሳ አምስት ዶላር ወሰደ።

«ከጠመንጃው ማስደገፊያው ይሻል ነበር» አሉ ጋሼ።

ኧርቪንግ፣ ስምንት ሰዓት

የወደቀ፣ ዘጠኝ። የጎደለ፣ ሦስት መቶ ሰባ ስድስት ዶላር።