የገና መብራቴና የኦቦ ገመቹ ጥያቄ

ነገሩ የሆነው በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የተነሳ አካባቢያችን በታመሰበት ዓመት፣ ገና ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ ቡራዩ ውስጥ ነው። ጊዜው ርቋል። እኔ ግን ከጎረቤቴ ከኦቦ ገመቹ ጋር ሰላምታ በተለዋወጥኩ ቁጥር ያቺ ሳምንት ትመጣብኛለች።

ሥራዬ አዲስ አበባ አንድ የሠርግ አዳራሽ ውስጥ ድምፅና መብራት መቆጣጠር ነው። ለዓመታት በኪራይ ስንገላታ ቆይተን ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ትንሽ ቤት ሠርተን ገባን። በራሳችን ቤት የምናከብራት የመጀመሪያዋ ገና ስለሆነች ለሁለቱ ልጆቼ ቃል ገባሁላቸው። የቤቱን ፊት ከጣሪያ እስከ በረንዳ መብራት አለብሰዋለሁ፤ መብራቱም መዝሙሩን እየተከተለ ይበራል፣ ይጠፋል። ቀዩ ከበሮውን፣ ሰማያዊው ጸናጽሉን፣ ነጩ እልልታውን እንዲከተል አሰብኩ። መርካቶ ተመላልሼ ገመዱን ገዛሁ። መቆጣጠሪያ ሣጥኑን ራሴ ገጣጥሜ ከላፕቶፔ ጋር አገናኘሁት።

ባለቤቴ ሰላም ግን አልወደደችውም። «ሰው ቤቱን ዘግቶ በተቀመጠበት ጊዜ አንተ ኑ እዩኝ ልትል?» አለችኝ። ሳቅኩባት።

ኦቦ ገመቹ ከቆርቆሮ አጥራችን ወዲያ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። እኛ የሰፈርንበት መሬት አብዛኛው ድሮ የእሳቸው እርሻ ነበር ይባላል። እውነቱን ልናገርና፣ ይህን ከሰማሁ ጀምሮ በሙሉ ዓይኔ አይቻቸው አላውቅም። ጠዋት «አካም ቡልቴ» ይሉኛል፤ እኔም «ናጋ፣ እንዴት አደሩ ኦቦ» ብዬ ወደ ታክሲ እሮጣለሁ። ከዚያ ያለፈ ወሬ አልነበረንም።

መሰላል ላይ ወጥቼ አምፖል መስቀል ስጀምር ግን ዘንጋቸውን ተደግፈው ማየት ጀመሩ። በመጀመሪያው ቀን አይተው ገቡ። በሁለተኛው ቀን ጠጋ ብለው፣

«ድምፅም አለው?» አሉኝ።

«አዎ፣ መዝሙር አለው።»

«እስከ የት ይሰማል?»

በማግስቱ ደግሞ «የሚበራው በየትኛው ምሽት ነው?» አሉ። ዋዜማውን ነገርኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «ያን ቀን ሁላችሁም እቤት ናችሁ?» ሲሉኝ «አዎ» ብዬ ፊቴን ወደ ጣሪያው መለስኩ።

ሥራ ቦታ ለአንድ ባልደረባዬ ብነግረው «ቤትህ ላይ ምልክት እያደረጉ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር ምልክት መሰለኝ። ሰላም የቤቱን ሰነድ በፌስታል ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ትዞር ጀመር።

ቅዳሜ ከሰዓት መብራቱን ለመሞከር ሞንታርቮውን በረንዳ ላይ አውጥቼ መዝሙሩን ከፈትኩት። ከበሮው ሲመታ ቀዩ መስመር አብሮት ብልጭ አለ፤ ልጆቼ በደስታ ጮኹ። ገና ደቂቃ ሳይሞላ ኦቦ ገመቹ ከግቢያቸው ወጡ። ፊታቸው ተለዋውጧል። ዘንጋቸውን ወደ እኔ ቀስረው «አጥፋው! አሁኑኑ አጥፋው!» አሉ። አጠፋሁት። ተመልሰው ገቡ።

ትንሽ ቆይቶ ወጣቶች አንድ ሁለት እያሉ ወደ ግቢያቸው ይገቡ ጀመር። አንዳንዶቹ አጥራችን ሥር ቆመው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በኦሮምኛ ያወራሉ። ጥቂት ጥቂት እሰማለሁ፤ ያን ቀን ግን ፍርሃቴ ጆሮዬን ደፈነው።

እሑድ ማለዳ ሰላምንና ልጆቹን አዲስ አበባ እህቷ ቤት አድርሼ ተመለስኩ። ከታክሲ ስወርድ በመልክ የማውቀው የቀበሌ ሚሊሺያ አገኘኝ። «ሰፈር ሰላም ነው?» አለኝ። ሰላም ነው ብዬ ማለፍ እችል ነበር። እኔ ግን «ከሽማግሌው ቤት ወጣቶች እየተሰበሰቡ ነው፤ ምን እንደሚዶልቱ እንጃ» አልኩት። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ጥሩ አደረግክ» ብሎኝ ሄደ። አነጋገሩ ደስ አላለኝም።

ሻማና ክብሪት ልገዛ ዘይነባ ሱቅ ገባሁ። ዘይነባ የሰፈሩን ሁሉ ታውቃለች። ፊቴን አይታ «ምነው ደህና አይደለህም?» ስትለኝ ስለ ኦቦ ገመቹ ጥያቄዎችና ስለ ወጣቶቹ አጫወትኳት። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አልሰማህም እንዴ? ለሚ ሞቶባቸው እኮ ነው፤ የልጃቸው የጫልቱ ልጅ። ዩኒቨርሲቲ በነበረው ግርግር በጥይት ተመትቶ። አስከሬኑ አልተለቀቀም፤ ለዋዜማው ይደርሳል ተብሏል። እናቱ ደም ግፊት ስላለባት እስካሁን ታሟል ነው የተባለችው። ወጣቶቹም የሚመጡት መርዶው እንዴት እንደሚነገራት ሊመክሩ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«እኔም ብያቸው ነበር። ‹ልጆቹ የሚጠብቁትን በዓል እንዴት ተው እለዋለሁ? ምናልባት ዘመድ ጋ የሚሄዱ ከሆነ ብዬ ጠየቅኩት› አሉኝ።»

ሻማውን ሱቋ ላይ ትቼው ወጣሁ። እቤት ገብቼ መሰላሉን አቆምኩና መብራቱን ማውረድ ጀመርኩ። ግማሹን ሳልጨርስ ኦቦ ገመቹ በአጥሩ በኩል መጡ።

«ለምን ታወርደዋለህ? ልጆችህስ?»

«ሰማሁ፣ ኦቦ። እግዜር ያጽናዎት።»

አጥሩን ያዝ አድርገው «ትናንት ጮህኩብህ። ከበሮውን ስትሰማ ጫልቱ ተነስታ ‹ለሚም እዚህ ቢኖር ይጨፍር ነበር› አለችኝ። አልቻልኩም፤ ይቅር በለኝ» አሉ። ይቅር በለኝ ያሉት እሳቸው ናቸው።

አስከሬኑ በዋዜማው መጣ። ሰላምም ልጆቹን እህቷ ጋ ትታ መጥታ አብረን ድንኳኑን ስንተክል፣ ውኃ ስናመላልስ ሰነበትን። ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን ሁለት ወጣቶች ከለቅሶው ድንኳን ተወሰዱ። ከሁለት ወር በኋላ ተፈቱ። አንደኛው ዛሬም ትንሽ ያነክሳል።

የተወሰዱት እኔ ባልኩት ነገር ይሁን አይሁን አላውቅም። ያን ሰሞን ብዙ ሰው ታስሯል፤ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ሚሊሺያውን ጠይቄው አላውቅም፤ መልሱን እፈራዋለሁ። ለሰላም ነግሬያታለሁ። ለኦቦ ገመቹ ግን ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

በቀጣዩ ዓመት ገና ሲቃረብ በአጥሩ በኩል ጠጋ ብለው «ዘንድሮስ አታበራውም? ጫልቱም ማየት ትፈልጋለች፤ እኔ ነኝ ያልኩህ፣ አብራው» አሉኝ።

«ሣጥኑ ተበላሽቷል፣ ኦቦ» አልኳቸው።

አልተበላሸም።