ከአምቦ ይዤው ያልወጣሁት ዝናብ

ከቤት የወጣሁት ማታ ነው፤ እናቴም ያን ዕለት ከጠዋት ጀምሮ አፏ አላረፈም። ጎረቤት በገባ ቁጥር «ሌንሴ ናይሮቢ ልትሄድ ነው፣ ለሥራ» ትላለች። «ምን ሥራ?» ሲሏት ግን ዞር ብላ እኔን ታየኛለች። እኔ ደግሞ ሰው ፊት መናገር ስለሚከብደኝ የታሰረውን ሻንጣ ፈትቼ እንደገና አስራለሁ። መኪናው መጥቶ ጥሩምባ ሲነፋ እንኳ ወሬዋን አልጨረሰችም ነበር።

ሥራዬን እዚህ ልንገራችሁ፤ አገር ቤት ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛልና። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ቤት በተቀመጥኩበት ክረምት ቆርቆሯችን ላይ የሚወርደውን ዝናብ በስልኬ ቀዳሁና ኢንተርኔት ላይ ለቀቅኩት። ቀጥሎ ጭቃ ላይ የሚሄዱ የወንጪ ፈረሶችን፣ በመበተን ላይ ያለውን የካቺሲ ገበያ ቀዳሁ። ፊቴ አይታይም፣ ድምፄ አይሰማም፤ ለእኔ ዓይነቷ ዓይን አፋር የተሠራ ሥራ ነው። ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች እሱን ከፍተው እንደሚተኙ ይጽፉልኝ ጀመር፤ በየወሩ ልንከፍልሽ እንወዳለን የሚሉም መጡ። ነገር ግን አድማጮች በቀጥታ የሚከፍሉበት ድረ ገጽ የእኛን አገር ባንክ አይቀበልም። ዩኒቨርሲቲ አብራኝ ትኖር የነበረችው ጫልቱ «ናይሮቢ ነይና እዚህ የባንክ ሒሳብ ክፈቺ፣ አልጋዬ ለሁለት ይበቃል» አለችኝ። የአገሬን ዝናብ ለመሸጥ ከአገሬ መውጣት ነበረብኝ።

ሞያሌ ላይ የድንበር ሹሙ ፓስፖርቴን ይዞ ብዙ አየኝ።

«ሥራሽ?»

«ድምፅ እቀዳለሁ።»

«ዘፋኝ ነሽ?»

«አይደለሁም። የዝናብ ድምፅ ነው።»

«ዝናቡን ምን ታደርጊዋለሽ?»

«እሸጠዋለሁ።»

ጓደኛውን ጠራው። «ና፣ ዝናብ የምትሸጥ ልጅ መጥታልሃለች!» ጓደኛው በመስኮት ያንን ደረቅ ሰማይ አየና «እኛ ዘንድ ትንሽ ታራግፍና ትለፍ» አለ። ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ፣ ካልሳቅሁ የማያሳልፉኝ መስሎኝ።

ናይሮቢ ውስጥ ኡጋሊ የሚሉት ምግብ አላቸው፤ መሃሉ ጉድጓድ የሌለው፣ ቅቤና በርበሬ የረሱበት ገንፎ በሉት። ብርዱ ግን የአምቦን ይመስላል፣ ጠዋት ላይ ያሳስታል። ያልለመድኩት ሰላምታቸውን ነው። «ሳሳ!» ይሉሻል፣ አንቺ መልሱን ስትፈልጊ እነሱ መንገዱን ተሻግረዋል። እኛ ጋ ጤናሽን፣ የቤተሰቡን፣ የከብቱን ሳይጠይቅ ማን ያልፋል?

ጫልቱ የምትኖርበትን ሕንጻ ጠባቂ ሽማግሌ «ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ክፍል አለ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ እዚህ የሚከራየው ሰው ሁሉ ከቆርቆሮ ያመለጠ ነው» አሉኝ። ሲሚንቶ ሥር ገባሁ። ውጭ ሲዘንብ የማውቀው የሰው ጃንጥላ ሳይ ነው።

የመኖሪያ ወረቀቱም ባንኩም ከብዙ ምልልስ በኋላ ተሳካ፣ አድማጮቼም እንዳሉት መክፈል ጀመሩ። እኔም ይዤው የመጣሁትን ቅጂ እያዟዟርኩ ስለቅ አንዱ «ይህ ውሻ ባለፈው ወርም እዚሁ ቦታ ላይ ጮኋል» ብሎ ጻፈልኝ። አፈርኩ። ለእናቴ ደህና ስልክ ገዝቼ ላክሁና ዝናብ ሲጀምር መስኮቱ ላይ አስቀምጣ እንድትቀዳልኝ ነገርኳት።

መጀመሪያ የላከችው ላይ ዝናቡ በደንብ ይሰማል፤ ከሱ በላይ ግን እናቴ ትሰማለች። ኦቦ ቶላሳ የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህር ጎረቤታችን ዝናብ ሲይዛቸው እኛ ጋ ነው የሚጠለሉት። «አካም ኦልተን ኦቦ ቶላሳ! ኮታ፣ ይግቡ እንጂ፣ ይኼ ዝናብ ሊገድልዎ ነው!» ከዚያ የጉልበታቸው ነገር፣ የጤፍ ዋጋ፣ ጌዶ ከተማ ያገባችው ልጃቸው። እንዳለ ለቀቅኩት። አንድ አድማጭ «ልተኛ ስል አንዲት ሴትዮ ግቡ ትለኛለች» አለኝ፤ ሌሎችም ይህንኑ ደገሙት። ደንበኛ እንዳይሸሽ ብዬ እናቴን «ሃርሜ፣ ስትቀጂ እባክሽ ዝም በይ» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ዝናብ ብቻ ነው፣ ንጹሕ፣ ማንም የሌለበት ቤት ይመስል። የሚከፍለውም ሰው በዛ።

ባለፈው ክረምት፣ ጌዶ ከተማ ተወልዳ ኖርዌይ ነርስ የሆነች ልጅ ጻፈችልኝ። «ይቅርታ አድርጊልኝና ሴትዮዋን ምን አገኛቸው? ከሌሊት ሥራ ስመለስ ይግቡ ሲሉ እሰማቸው ነበር።» ደህና ናት ብዬ መለስኩና ወዲያው ለእናቴ ደወልኩ።

«ሃርሜ፣ ከእንግዲህ እንደ ልብሽ አውሪ። ድምፅሽን የሚፈልጉ አሉ።»

«አንቺ ደግሞ! ከፍሎ የሚተኛ ሰው የእኔ ወሬ ምን ያደርግለታል?»

«ኦቦ ቶላሳስ? አይመጡም?»

«ዝናብ ሲሆን አይምጡ አልኳቸው። አሁን በታችኛው መንገድ ነው የሚያልፉት። አልተቀየሙም፣ የልጄ ሥራ ነው ብያቸዋለሁ።»

በስልኩ ውስጥ ቆርቆሮው ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ።

«መጣ! ዝጊ፣ ዝጊ! እያወራን አይቀዳም። ባለፈውም መሃሉ ላይ ደውለሽ አቋረጥሽብኝ። ዝናብ ሲጥል አትደውዪ ብዬሽ የለ?»

«ትንሽ አብሬሽ ልስማው፣ ሃርሜ።»

«ስልክልሽ ትሰሚዋለሽ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» ብላ ዘጋችው።

ማታ ላከችልኝ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማሁት። መሃል ላይ ዝናቡ ጋብ ባለበት አፏን በነጠላዋ አፍና ይመስለኛል፣ አንዴ ሳለች። ሳሏን ቆርጬ ላወጣው መቀስ የምትመስለዋን ምልክት ነካሁ፣ ከዚያ ተውኩና እዚያችው ቦታ ላይ ደጋግሜ ከፈትኩት።