አናጺው ያልለካው በር

ለሞተ ሰው ስም ማውጣት ቀላል ነው፤ ተነሥቶ አይከራከር! ይህ አናጺ ከሞተ በኋላ የተለጠፈበት ስም "በሩን ያልለካው" የሚል ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስቱ ማርገዟን እንደነገረችው ለሚወለደው ልጅ አልጋ ሊሠራ ተነሣ። የተከራዩት ቤት አንድ ክፍል ስለሆነች መዶሻ እንኳ ወዝወዝ ማድረጊያ የላትም። ስለዚህ በየእሑዱ እናቱ ቤት እየሄደ፣ እሱ ልጅ ሆኖ ይተኛባት በነበረችው የጓሮ ክፍል ውስጥ ሠራው። ሚስቱን "ሳያልቅ ዝር እንዳትይ" ብሎ ከልክሏት ነበር። ጨረሰና "በሚቀጥለው እሑድ ታይዋለሽ" አላት። ሐሙስ ዕለት የአንድ ሕንጻ ጣሪያ ሲያዋቅር ወደቀ፤ አበቃ። ከቀብሩ በኋላ ሁለት ጎረቤቶች አልጋውን ሊያደርሱላት ቢያነሡት በበሩ አልወጣ አለ። አጋደሙት፣ አዞሩት፣ ገለበጡት፣ አራት ጣት ያህል ይተርፋል። "ዕድሜ ልኩን ለሰው በር ሲገጥም ኖሮ የገዛ እናቱን በር ሳይለካ!" አሉና ለቅሶ ቤት መሆናቸውን ረስተው ሳቁ።

ሚስቱ አልሳቀችም። እሷ ላውንደሪ ቤት ልብስ ተኳሽ ናት። ባሏ አዲስ ሰው በተዋወቀ ቁጥር "እኔ አላመሽም፣ ሚስቴ ተኳሽ ናት" እያለ ያስቅባት ስለነበር ስሙ በዚያው ጸናባት፤ ሁሉም ተኳሿ ነው የሚላት። እሱ ሲሞት የአራት ወር እርጉዝ ነበረች። የመጣው ሁሉ ሆዷን እያየ "አይዞሽ፣ ፈጣሪ ሳይደግስ አይጣላም" ይላታል። ምናለ ዝም ቢሉ! ድግሱ ቀርቶባት ባሏ ቢመለስላት ነበር የምትወደው።

አሁን ስምንተኛ ወሯን ልትጨርስ ነው፤ ኑሮዋም በሁለት ቤት ሆኗል። ከሰኞ እስከ ዓርብ በተከራዩት ክፍል፣ ከዓርብ ከሥራ መልስ እስከ እሑድ ከሰዓት አማቷ ዘንድ። አማቷ ከዚያ ልጅ ሌላ የወለዱት የለም፤ ባላቸውም ከሞቱ ቆይተዋል። ታዲያ "ብቻዎን አይውሉም" ብላ መመላለሱን ራሷ ናት የጀመረችው። ጥሩ ሐሳብ ነበር፣ ሆዷ ትንሽ ሳለ። ዛሬ ግን የሚያስፈልጋት ነገር ምንጊዜም ሌላኛው ቤት ነው። የደም ማነስ ክኒኗን እዚህ ስትፈልግ እዚያ፣ የስልኳን ቻርጀር እዚያ ስትፈልግ እዚህ። አንድ ሰኞ ጠዋትማ እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ ቢላት ነጠላ ጫማዋን ከሻንጣ ብታወጣ ሁለቱም የግራ ሆነው ተገኙ፤ የቀኞቹ አማቷ አልጋ ሥር ቀርተዋል። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ከት ብላ ሳቀች፤ ከዚያ እንዲህ ያለውን ከማን ጋር ትስቅበት እንደነበር ትዝ ሲላት አለቀሰች።

ከእጇ የማትለያት አንዲት ቦርሳ ብቻ ናት። ውስጧ ሦስት የሕፃን ልብስ፣ ፎጣ፣ የክሊኒክ ካርድ አለ። "ምጥ አድራሻ ጠይቆ አይመጣም" ትላለች። ከሁሉ ሥር ደግሞ ጠፍጣፋ የአናጺ እርሳስ አለች። ሆስፒታሉ ከልብሱ ጋር ያስረከባት ነው፤ ጫፏ ላይ የጥርሱ ምልክት አለ።

ሥራ ቦታ ደግሞ ሆዷ ከካውያው ጋር ተጣልቷል። ጠረጴዛው ጋ ፊት ለፊት መቆም ስለማትችል በጎኗ ዞራ ነው የምትተኩሰው፤ መጀመሪያ ኮሌታ፣ ቀጥሎ ትከሻ፣ ቀጥሎ እጅጌ። የላውንደሪው ባለቤት አፉ ክፉ፣ ሆዱ ደግ ሰው ነው። "አንቺ ሴትዮ፣ ልጁን ሳይወለድ ልትተኩሺው ነው እንዴ? ራቅ በይ!" ብሎ ጮኸባትና በማግስቱ ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ ረጅም ወንበር ይዞላት ገባ። ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ የወሊድ ፈቃድ ሰጥቷታል። ጭንቁ የመጣውም በዚሁ ፈቃድ ነው። እስካሁን ሥራው አንዱን ቤት፣ ቅዳሜና እሑድ ሌላውን ቤት ይመርጡላት ነበር። አሁን ራሷ ልትመርጥ ነው። ልጁ የት ይደግ?

አማቷ በበኩላቸው መርጠው ጨርሰዋል።

"ክራዩን ተይና ነይ" ይላሉ። "ልጄ አልጋውን እዚህ የሠራው እዚህ እንዲቀመጥ ብሎ ነው። ዝም ብሎ በር መለካት የሚረሳ ሰው ነው? አስቦበት ነው! አልጋው ካለበት ነው ቤቱ።"

"እማማ፣ ጎረቤቶቹ እንደዚያ አላሉም።"

"እነሱማ ሞኝ አሉት። ይበሉ።"

መጋዝ አምጥተን እግሩን እንቁረጥ ያለ ሰው አንድ ጊዜ መጥቶ ነበር። አማቷ በሩ ላይ ተዘርግተው "እኔንም ጨምራችሁ ቁረጡኝ!" ስላሉ ነገሩ በዚያው ቀረ። ሌላ አልጋ ገዝታ መገላገል አትችልም ወይ ለሚል፣ አትችልም። ያ ልጅ አባቱን አያየውም፣ ድምፁን አይሰማም። ከአባቱ እጅ የሚደርሰው ነገር ቢኖር ያ አልጋ ብቻ ነው።

ክፍሏንም መልቀቅ አትችልም። ምን አላት ከተባለ ምንም የላት፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ አንድ መስኮት፣ ግድግዳውን የሞላ አሮጌ ቁም ሳጥን። ቁም ሳጥኑ የተገዛ ዕለት በደረጃው አልወጣ ቢል ባሏ አንድ በአንድ ፈታታው። ከመፍታቱ በፊት ግን እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ በየመጋጠሚያው ቁጥር ጻፈ፤ አንድ ከአንድ ጋር፣ ሁለት ከሁለት ጋር።

"እንጨቱን አንደኛ ክፍል አስገባኸው እንዴ?" ብላ ቀለደችበት።

"እንጨት አይረሳም። የሚረሳው አናጺ ነው" አላት።

ቁጥር ሳይጽፍበት የገጠመው እንጨት አታውቅም። ሰባትን ሲጽፍ ወገቧ ላይ አንድ ሰረዝ ያደርግባታል፤ "ቀበቶ ካላስታጠቅኋት አንድ ትመስለኛለች" ማለት ከልጅነቱ ጀምሮ ልማዱ ነበር። አሁን ጠዋት ጠዋት ልብስ ልታወጣ ስትከፍተው ቁጥሮቹ ከውስጥ ያዩዋታል። ለአማቷ ይህን ማስረዳት አልቻለችም። እሳቸው ሠላሳ ዓመት አብረውት ኖረዋል፤ ቤቱ ሁሉ እሱ ነው። እሷ የኖረችው ሦስት ዓመት ብቻ ነው፣ ያም ሦስት ዓመት ያለው በዚያች ክፍል ውስጥ ነው።

የመጨረሻዋ ቅዳሜ ደረሰች። አማቷ ጠዋት ሳሙና ሊገዙ ወጡ። እሷ የሕፃኑን ልብሶች አልጋው ላይ ዘርግታ ስታጥፍ ክኒኗ ከእጇ አምልጣ አልጋው ሥር ገባች። ጎንበስ ማለት ድሮ ቀርቷል። መጀመሪያ ተንበረከከች፣ ከዚያ በክንዷ ተደግፋ ወለሉ ላይ በጎኗ ጋደም አለች። "እንግዲህ የሚያነሣኝ ይፈለጋል" አለች ለራሷ። ክኒኗን አገኘቻት። ቀና ስትል ግን የአልጋውን ሆድ ከሥር አየችው፤ እስከዚያች ቀን ከሥሩ አይታው አታውቅም።

በየመጋጠሚያው ላይ ክብ ቦታ አለ። ስምንት መጋጠሚያ፣ ስምንት ክብ። ሌላው እንጨት ትንሽ ጠቆር ብሏል፣ ክቦቹ ነጣ ብለው ጸጉር አውጥተዋል። ሌላ ሰው ቢሆን አይቶ ያልፈው ነበር። እሷ ግን ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው እድፍ ስታይ የኖረች ናት፤ በጊዜ የለቀቀና ተፈትጎ የለቀቀ ለይታ ታውቃለች። ይህ ተፈትጓል። ክቡ አጠገብ ትንሽ የእንጨት ውታፍ አለች፤ በጥፍሯ ብትነቀንቃት ወለቀች። ከሥሯ የብሎን ራስ ብቅ አለ።

አልተጣበቀም። በብሎን የታሠረ ነው፤ ተፈትቶ በበሩ ይወጣል። በሩን መለካት ያላስፈለገው ለዚህ ነው!

"ሞኝ አይደለህም!" አለች እንደተጋደመች፣ እንባዋ ወደ ጆሮዋ እየወረደ። "አንተ እኮ ሞኝ አይደለህም!"

ደስታዋ ግን ውሎ አላደረም። በየክቡ ላይ የነበሩትን የሱን ቁጥሮች ማን አጠፋቸው? በዚያ ቤት እርሳስ ማጥፋት የሚችልበት አንድ ሰው ነው። አማቷ ጡረታ እስኪወጡ ሃያ ሰባት ዓመት የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። ተማሪ ዴስክ ላይ የሞነጫጨረውን በእርጥብ ጨርቅና በሳሙና፣ እጃቸውን ክብ ክብ እያዞሩ ሲያጠፉ የኖሩ ናቸው።

አማቷ ሲገቡ እግሯን ነው መጀመሪያ ያዩት።

"ኧረ ልጄን! ምጡ ነው? አንቺ ልጅ፣ ወለል ላይ?"

"አይደለም እማማ። ምጥ አይደለም።"

"ምጥ አይደለም ትለኛለች! ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች! ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው የተጋደምሽው?"

"ቁጥሮቹን ፈልጌ ነው።"

አማቷ ሳሙናውን ወለሉ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ዱካ ስበው ቁጭ አሉ። ተኳሿም አልጋውን ተደግፋ እንደምንም ተነሥታ ተቀመጠች፤ ማንም አላነሣት።

"መቼ ነው ያጠፏቸው?"

"አልጋው ለጎረቤቶቹ አልወጣ ባለ ማግስት። ስወለውል አየኋቸው" አሉ። "ስምንት ቁጥር፣ በሱ እጅ። ምን እንደሆኑ ገባኝ። ልጄ አልጋውን ለኔ አልሠራውም፣ ሊወስደው ነበር። ያኔ፣ አልጋው ከሄደ አንቺም ትሄጃለሽ ብዬ ፈራሁ። አንቺ ከሄድሽ ልጁም ሄደ። ምን ይተርፈኛል? ጨርቄን አመጣሁና…" እጃቸውን በአየር ላይ ክብ ክብ አዞሩት።

ተኳሿ ልታዝንላቸው ፈለገች፤ ንዴቱ ግን ቀደማት።

"አራት ወር ሙሉ ሞኝ ሲሉት ሰምተው ዝም አሉ! የገዛ ልጅዎን! በሩን ያልለካው ሲሉት እየሰሙ!"

"ሰማሁ" አሉ። "አንድ ቀንማ አብሬ ሳቅሁ።"

ልጁ ሆዷ ውስጥ ተገላበጠ። እጇን ጎኗ ላይ አድርጋ እስኪረጋ ጠበቀችው።

አማቷ ብድግ ብለው ወደ መኝታቸው ሄዱ። ሲመለሱ የታሰረች ፌስታል ይዘዋል፤ ከትራሳቸው ሥር ያወጧት ናት። ፈቱና ደርቆ የተጨማደደ ነጭ ጨርቅ ጭኗ ላይ ዘረጉላት። መሀሉ ላይ እንደ አመድ ያለ፣ ልብ ብለው ካላዩት የማይታይ ጥላሸት አለ።

"አላጠብኩትም" አሉ። "ስምንቱም እዚህ አሉ። ሌላ በእጁ የጻፈው ነገር ቤቴ ውስጥ የለም፤ ደብተሮቹን ድሮ ምድጃ ጨርሷቸዋል። አንቺ የጨርቅ ነገር ታውቂያለሽ…" ፊቷን ማየት አቅቷቸው ወደ ጨርቁ አጎነበሱ። "ከዚህ ላይ ወደ እንጨቱ መመለስ ይቻላል?"

ሲያውቁት ነው የጠየቁት። ሃያ ሰባት ዓመት እርሳስ ያጠፋ ሰው የጠፋ እንደማይመለስ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። እናት ናቸው፣ ጠየቁ።

"አይቻልም እማማ" አለች።

ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ፤ ሁለቱም አለቀሱ፣ አንዷ ሌላዋን ሳታባብል። ንዴቷ ወጥቶ አላለቀም፤ እስከ ዛሬም አላለቀም። ጨርቁን ግን አጣጥፋ፣ እንደ ሰው ሸሚዝ አራት ማዕዘኑን አስተካክላ፣ ፌስታሉ ውስጥ መልሳ ሰጠቻቸው።

"ውሰጂው አልጋውን" አሉ አማቷ።

ከቦርሳዋ ሥር እርሳሷን አወጣች። አጎንብሳ መጻፍ ስላልቻለች አማቷ እርሳሷን ተቀብለው አልጋው ሥር ገቡና እሷ እየጠራች እሳቸው ጻፉ፤ አንድ ከአንድ፣ ሁለት ከሁለት። ተጋድመው ስለጻፉ ቁጥሮቹ ሁሉ ተንጋደዱ። ሰባት ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"የሱን አትመስልም" አሉ ከሥር፤ ከዚያ በኋላ ለመውጣት ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው።

በማግስቱ እነዚያው ሁለት ጎረቤቶች ብሎኑን ፈትተው አልጋውን በስምንት ቁራጭ በበሩ አወጡት። አማቷ ጉልበታቸውን ይዘው፣ በየፎቁ እያረፉ፣ ያን ሦስት ፎቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጡ። የቅያሪ ልብስ የያዘች ትንሽ ቦርሳ አንጠልጥለዋል፤ ከእንግዲህ በሁለት ቤት የሚመላለሱት እሳቸው ናቸው።

ጎረቤቶቹ አልጋውን መስኮቱ ሥር ሲገጥሙ ተኳሿ ቁም ሳጥኑን ከፈተች፣ ልብሱን ወደ አንድ ጎን ገፋችና የስልኳን መብራት አበራችላቸው።

"ይኸው፣ አሥራ ሁለት ናቸው።"

አማቷ አንገታቸውን አስገብተው ማየት ጀመሩ። ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ጣት በጣት ቆልፈው ያዙ፣ በስሕተት እንኳ እንዳይነኩት። ብዙ ቆዩ። መብራት የያዘው የተኳሿ እጅ ደከመ፣ ቀየረች፣ እንደገና ቀየረች።

"ሰባቷን አገኘኋት" አሉ ከልብሶቹ መሀል። "ቀበቶዋን እንደታጠቀች ናት።"