ግንባሯ ላይ የለጠፍኩት አምስት ዶላር

ያን ቀን እዚያ የነበርነው እነዚህ ነን። እኔ፤ ኪቦርድ የምትጫወተው ልጄ፤ ከስኮትላንድ አብረዋት የመጡት ሁለቱ፣ ዘፋኟ ልጅና ከበሮውን በማሽን የሚመታው ረጅሙ ልጅ፤ አትላንታ አጠገብ ዱሉዝ መጋዘን ውስጥ አብራኝ ዕቃ የምታሽገው የወሎዋ ጎረቤቴ፤ በታክሲው ያደረሰን ባለቤቷ፤ መጠጥ የሚቀዳው ሰውዬ፤ ከዚያ ደግሞ የማላውቃቸው ወጣቶች። ወጣቶቹ ብዙ አልነበሩም፤ ከሰው ይልቅ ባዶ ቦታው ይበዛ ነበር። ይህን የማስቀድመው፣ በኋላ ነገሩ ሲወራ ከተማው ሁሉ የነበረ ስለሚመስል ነው።

ልጄ ስኮትላንድ የሄደችው ለትምህርት ነበር። ጨርሳ ሥራ ትይዛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ከሁለቱ ልጆች ጋር ባንድ ማቋቋሟን በስልክ ነገረችኝ። ሙዚቃው ሲንትፖፕ ይባላል አለች። ጊታር የለው፣ እውነተኛ ከበሮ የለው፤ ድምፁ ሁሉ የሚወጣው ከኪቦርድና ከማሽን ነው። እኔ ስጋት የማያጣኝ ሰው ነኝ። "ኢንሹራንስ አለሽ ወይ? ሲመሽ ማን ነው የሚያደርስሽ?" እያልኩ ከመጨቅጨቅ በቀር ስለ ዘፈኑ አንድም ቀን አልጠየቅኳትም።

አሜሪካ መጥተው በየከተማው ሊጫወቱ ሲነሱ መጀመሪያ ያረፉት ስቶን ማውንቴን፣ እኔ አፓርትመንት ነው። ኪቦርዱን የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ይለማመዱ ነበር። ዘፋኟ ቀጭን፣ ፀጉረ ቀይ፣ ሰው ሲያያት አንገቷን የምትደፋ ልጅ ናት። ስትለማመድ ፊቷን ወደ ፍሪጁ ታዞራለች። ገርሞኝ ልጄን ጠየቅኳት።

"ሰው እያያት መዝፈን አትችልም፣ እማዬ። ስቴጅ ላይም ዓይኗን ጨፍና ነው። ሰው ሲነካትማ ፓኒክ ታደርጋለች።"

"ታዲያ ማን ዘፋኝ ሁኚ አላት?"

"ድምፅዋን ሰምተሽው የለ?"

ሰምቼዋለሁ። ሳህን ስታጥብ ነው የሰማኋት። ከሥራ ስመለስ ቁልፌን በእጄ ይዤ፣ በሩን ሳልከፍት፣ እስክትጨርስ ደረጃው ላይ የቆምኩበት ቀን አለ። ከከፈትኩ ዝም ትላለቻ። የእኔ እንግሊዝኛ ትንሽ ነው፣ የእሷ እንግሊዝኛ ደግሞ ለእኔ ሌላ ቋንቋ ነው። ቢሆንም ሽሮ ሳቀርብላት "ማማ" ትለኝና ሳህኑን ጠርጋ ትበላ ነበር። እንግዲህ እንዴት ያለች ልጅ እንደሆነች አውቅ ነበር። ሳላውቅ ነው እንዳልል የሚከለክለኝም ይሄ ነው።

የተጫወቱት እሁድ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ አንድ ትንሽ ባር ውስጥ ነው። ሙዚቃው እንደጀመረ ጎረቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣

"ወላሂ ይሄ የሠርግ ኪቦርድ ነው! ሙሽሮቹ የታሉ?" አለችኝ።

"ሙሽሪት ያቻትና፣ ዓይኗን ጨፍና" አለ ባሏ።

ሳቅን። እውነትም የሠርግ ቤት ይመስል ነበር። አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ዘፋኝ፣ ደረት የሚመታ ስፒከር፤ ይሄማ የኛው ነው አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ልጄ የምትሠራው ሥራ ገባኝ፤ ደስም አለኝ። ግን ዘወር ብዬ ሳይ ወጣቶቹ አይጨፍሩም፣ አያጨበጭቡም። ግማሾቹ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል፣ ግማሾቹ ስልካቸውን ያያሉ።

"አንድ ሰው እንኳ አልሸለማቸውም እኮ" አለች ጎረቤቴ። "የሰው ልጆች ባሕር አቋርጠው መጥተው!"

"እዚህ አገር ይሸለማል እንዴ?"

"ዘፋኝ የማይሸለምበት አገር አለ? እንግዶቹ ያንቺ፣ ልጅቷ ያንቺ። ኧረ ተነሺ እህቴ፣ አታሳፍሪን!"

ያስነሳችኝ ይህች "አታሳፍሪን" ናት። ዘፋኝ ሳይሸለም ከወረደ የሚታማው ደጋሹ መሆኑን እያየሁ ነው ያደግኩት። ከቦርሳዬ አምስት ዶላር አወጣሁ። የተጨማደደ ስለነበር ጭኔ ላይ አድርጌ በመዳፌ አቃናሁት። ነጠላዬን አስተካከልኩ። መድረኩ ዝቅ ያለ ነበር፣ ወጣሁና ግንባሯ ላይ ለጠፍኩት። ላብ ስለነበራት ያዘ።

ዓይኗን ገለጠች። ድምፅዋ ተቆረጠ፤ ማሽኑ ግን ብቻውን ቀጠለ። ከእንቅልፉ በጥፊ የተቀሰቀሰ ልጅ እንደሚያይ አየችኝ። ከዚያ እኔ መሆኔን ስታውቅ፣ ለእኔ ብላ ፈገግ አለች። ብሩን ከግንባሯ ሳታነሳ ዘፈኗን ቀጠለች። ከኋላዬ ጎረቤቴ እልል አለች። ወጣቶቹ የትርዒቱ አንድ ክፍል መሰላቸው መሰለኝ፣ እየጮኹ ብር ይዘው ወጡ። አንዱ ሲለጥፍ ሌላው በስልክ ይቀርፃል። እኔ ወርጄ አጨበጨብኩ።

ቪዲዮው ከሳምንት በኋላ የማያየው ሰው አልነበረም። ባንዱ በስሙ መጠራት ጀመረ። ትንንሽ ባር ይጫወቱ የነበሩት በትልልቅ አዳራሽ ተጠሩ፤ ዘፈናቸው በራዲዮ ተሰማ። በሄዱበት ሁሉ ግን ሰው የሚጠብቀው ያንኑ ነበር፤ ብር ይዞ መውጣትና መለጠፍ። ሥራቸውን የያዘላቸው ሰውዬም ጭራሽ የዘፋኟ ምስል ያለበት የውሸት ብር አሳትሞ በር ላይ መሸጥ ጀመረ። ልጄ በመጀመሪያ ሰሞን ደውላ፣ "እማዬ፣ ያሳወቅሽን አንቺ ነሽ!" አለችኝ። እኔም ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ስልኬን ለሴቶቹ እያዞርኩ፣ "የጀመርኩት እኔ ነኝ" እል ነበር። እሰይ አሉኝ። አንዷ ብቻ ስልኩን ጠጋ አድርጋ አይታ፣ "ልጅቷን ጥርሷን ያማታል እንዴ?" አለች። ፈገግታዋን አይታ ነው። ስልኬን ወደ ቦርሳዬ መለስኩት።

ባንዱ የወደቀው እዚያው ስኮትላንድ፣ በራሳቸው ከተማ ነው። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር አሉ። አንድ የሰከረ ሰው ወጥቶ የውሸቱን ብር በምራቁ አርጥቦ አፏ ላይ ለጠፈባት። ልጅቷ ብሩን ከአፏ አነሳች፣ ማይኩን ወለሉ ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠች፣ በጓሮ በር ወጣች። አልተመለሰችም። ሰው ለጥቂት ጊዜ ትመለሳለች ብሎ ጠበቀ፤ ከዚያ ሌላ ቪዲዮ መጣና ረሳቸው።

ልጄ ኪቦርዷን ተሸክማ ስትመለስ ከኤርፖርት የወሰድኳት እኔ ነኝ። መንገድ ላይ፣

"ሰው እኮ በክብር ነው የሚሸልማት። ምን አስቀየማት?" አልኳት።

"እማዬ፣ አትላንታ ውስጥ ስቴጅ ላይ የወጣች ሴት ብር የሚደረግባት የት እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

"የት ነው?"

ነገረችኝ። ሴቶች ልብሳቸውን እያወለቁ የሚጨፍሩበት ቤት ነው። መኪናውን ዳር አውጥቼ ፓርክ አደረግኩ። ፊቴን የማደርግበት አጣሁ።

"ሰዉ እንደዚያ ይላት ነበር?"

"ኮሜንቱ ሁሉ እሱ ነበር፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።"

"ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?"

"እሷ ናታ! 'ማማ ያደረገችው ለክብር ነው፣ ከሰማች ታፍራለች፣ እንዳትነግሪያት' አለችኝ።"

ልጄ አልወቀሰችኝም። "አንቺ አላወቅሽም" ነው ያለችኝ። አሁን እዚሁ ሳንዲ ስፕሪንግስ ቢሮ ትሠራለች፣ ኢንሹራንስም አላት። ስመኝላት የኖርኩት ይህንኑ ነበር። ኪቦርዱ አልጋዋ ሥር ነው፤ ስጠርግ መጥረጊያው ይነካዋል። ጎረቤቴ ሥራ ቦታ ነገሩን ስታነሳ አሁንም፣ "ጥፋቱ የኔ ነው፣ አንቺን የላክሁ እኔ" ትላለች። አይደለም። እሷ ልጅቷን የዚያን ቀን ነው ያየቻት። በር ላይ ቆሜ የሰማኋት እኔ ነኝ።

ልጄ መልእክት ትልክላታለች፣ አትመልስም። ረጅሙ ልጅም ከከተማው ወጥታለች ከማለት ሌላ የሚያውቀው የለም። ወገኖቻችን የሌሉበት አገር የለም፤ ስኮትላንድም እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቀጭን ናት፣ ፀጉሯ ቀይ ነው፣ ሰው ሲያያት አንገቷን ትደፋለች። ብታገኟት አትቅረቧት፣ ስለ እኔም አታንሱባት። ደህና መሆኗንና አሁንም የምትዘፍን መሆኗን የሚያውቅ ካለ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።