የፊተኛው ክፍል እሳት

ያን ቅዳሜ ከእኔ ሌላ ስድስት ሰዎች ነበሩ። ዋሽንግተን አጠገብ አሌክሳንድሪያ ባለው የልጄ ቤት ሳሎን ውስጥ ሦስት፦ ልጄ፣ የአሥራ ሰባት ዓመቷ የልጅ ልጄ፣ እንዲሁም ከላንግሊ ፓርክ በመኪናዬ ያመጣኋቸው፣ ሰማንያ አምስት ዓመት የሞላቸው የአባቴ የቀድሞ ተማሪ። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ስክሪን ደግሞ ሦስት፦ በእንግሊዝ አገር የአንዲት ትንሽ የገበያ ከተማን ታሪክ የሚያሰባስበው ማኅበር ሊቀ መንበር የሆኑት ጡረተኛ መምህርት፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዙት ጸሐፊ፣ እና በልጅነቴ ከአባቴ ጋር የተከራየንበት ቤት ባለቤት ልጅ። በእኛ ረፋድ አምስት ሰዓት፣ በእነሱ ከቀትር በኋላ ዐሥር ሰዓት ነበር። ወሩ ኅዳር ስለሆነ ከኋላቸው ያለው መስኮት መጨለም ጀምሯል።

ስለዚያች ከተማ ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። የኖርኩበት ሥራ ሌሎች የጻፉትን መመዝገብ ነው፤ ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ ቤተ መጻሕፍት የታሪክ መጻሕፍትን ካታሎግ ሳደርግ ጡረታ ወጣሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማዬ ውስጥ ስለ እንግሊዝ ከተሞችና መንደሮች የተጻፉ መጻሕፍት አንድ ሙሉ መደርደሪያ ይዘዋል። ልጄ ለምን እንደምሰበስባቸው አንድ ጊዜ ጠይቃኝ “ለንጽጽር ነው” ብያታለሁ። ከምን ጋር እንደማነጻጽር አልጠየቀችኝም።

ነገሩን ያነሣችው የልጅ ልጄ ናት። ለትምህርት ቤት ሥራ የቤተሰባችንን ስም ኢንተርኔት ላይ ስትፈልግ ማኅበሩ ያወጣውን አንድ የቆየ የትምህርት ቤት ፎቶግራፍ አገኘች። በሦስተኛው ረድፍ፣ ከዳር ሁለተኛ፣ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ካልሲ ያደረገ ጥቁር ልጅ ቆሟል።

“አባባ፣ ይሄ አንተ ነህ? ላይክ፣ ፎር ሪል?”

“ነኝ።”

“ኦኬ፣ ምክንያቱም ኦልሬዲ ኢሜይል አድርጌላቸዋለሁ።”

አባቴ በአንድ የእርሻ ትምህርት ቤት ስለ አፈር ያስተምር ነበር። መንግሥት ለአንድ ዓመት ተኩል ሥልጠና ሲልከው እናቴ ካረፈች ዓመት አልሞላትም ነበር፤ ከዘመድ ጋር ሊተወኝ ስላልፈለገ ይዞኝ ሄደ። ከተማዋ በድንጋይ ድልድይ ለሁለት የተከፈለች፣ ማክሰኞ ማክሰኞ በግ የሚሸጥባት፣ በቀሩት ቀናት ጸጥ የምትል ነበረች። ቤቶቹ በቀይ ሸክላ የተሠሩና ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ስለነበሩ ጎረቤት ሲያስነጥስ ይሰማል። መጸዳጃው ጓሮ ነው። አከራያችን ለሰው ልብስ እየሰፋች የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ነበራት። የፊተኛው የእሳት ምድጃ አለው፤ እሷና በሁለት ዓመት የምትበልጠኝ ልጇ የሚተኙት እዚያ ነው። የኋለኛው ምድጃ የለውም፤ እሱን እኛ ተከራየን።

በገባን በሦስተኛው እሑድ፣ አገር ቤት አባቴ ያስተማራቸውና በሌላ ከተማ ይማሩ የነበሩ ሁለት ወጣቶች በባቡር ሊጠይቁን መጡ። አባቴ ወደ ሳሎን ሲገባ ብድግ ብለው ጎንበስ አሉ። እሱ እስኪቀመጥ አልተቀመጡም። ምሳ ሲቀርብ አንደኛው ከአከራያችን ጎድጓዳ ሳህንና የወተት ማንቆርቆሪያ ለመነና፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ የአባቴን እጅ አስታጠበ። እኛ ዘንድ ተማሪ ለመምህሩ፣ ታናሽ ለታላቁ የሚያደርገው ነው፤ የሚታጠበውም ሰው ልብ አይለውም። አከራያችን ግን ወጥ ቤቱ በር ላይ የሻይ ትሪ እንደያዘች ቀረች።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠበቀችኝ። ስታናግረኝ እንደ ወትሮዋ ከስፌት መኪናዋ ጋር አልተቀመጠችም፤ ቆማ ነበር። ሰዎቹ ለአባቴ ያጎነበሱት ከንጉሥ ቤት ስለሆነ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጥያቄው ገብቶኛል።

“አዎ” አልኳት።

ልጅ ነበርኩ፣ ታላቅን “አይደለም” ማለት ነውር መስሎኝ ነው ብዬ ለራሴ ለረጅም ጊዜ አስረድቻለሁ። እውነቱ ግን ከዚያ በፊት ማንም ቆሞ አናግሮኝ አለማወቁ ነው።

ረቡዕ ዕለት ዕቃችንን በፊተኛው ክፍል አገኘነው። አባቴ ተቃወመ፤ ሴትዮዋ አሻፈረኝ አለች። በብርድ ወራት ለእንግዳ የሞቀ ክፍል መልቀቅ የአገሩ ደንብ መስሎት አመሰገናት። ልጅቷ ወደ ኋለኛው ክፍል ገባች፣ እናቷ ወጥ ቤት አግዳሚ ላይ መተኛት ጀመረች። በየምሽቱ ከሰሉን ራሷ ተሸክማ ደረጃውን ትወጣ ነበር። ልጅቷ አልተቀየመችኝም። እንዲያውም የዛፍ ፍሬ በክር አንጠልጥሎ የማማታትን ጨዋታ ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ሁልጊዜም ታሸንፈኝ ነበር። በብርዱ ማለቂያ ሳል ያዛትና ሆስፒታል ገባች። እኛ ወደ አገራችን ስንመለስ ገና ከሲታ ነበረች። አባቴ ክፍሉ ለምን እንደተለወጠ ሳያውቅ አረፈ።

በጥቅምት ወር ሊቀ መንበሯ ሊታተም የተዘጋጀውን መጽሐፍ አንድ ገጽ እንዳረጋግጠው ላኩልኝ። ርእሱ “ልዑሉ በእኛ ቤት” ይላል፤ የጻፈችው የአከራያችን ልጅ ናት። አጻጻፏ ቀላልና ጨዋታ ያለበት ነው። የጎድጓዳው ሳህን ፎቶግራፍም አለበት፤ እናቷ ከዚያ እሑድ በኋላ ዱቄት አቡክታበት አታውቅም፣ እስክትሞት ድረስ መስኮት ላይ አቆመችው። ከዚያ አንድ አጭር አንቀጽ ይከተላል። ሆስፒታል በተኛችበት ጊዜ ወደ ተሻለው ትምህርት ቤት የሚያሳልፈው የአሥራ አንድ ዓመት ልጆች ፈተና አምልጧት ነበር። በአሥራ አምስት ዓመቷ ብስኩት ፋብሪካ ገባች። “ነገር ግን” ስትል ትደመድማለች፣ “ክፍሌን የለቀቅሁት ለልዑል ነው። በጎዳናችን ይህን ማለት የሚችል ሌላ ማን አለ?”

መታመሟን አውቅ ነበር። ስለ ፈተናው ያወቅሁት ያን ገጽ ሳነብ ነው። ለጠፋባት ትምህርት በምትኩ የያዘችው ያንን ልዑል ብቻ ነበር፤ እሱንም የሰጠኋት እኔ ነኝ። ብናገር እወስድባታለሁ። ዝም ብል፣ እኔ ሐሰት መሆኑን የማውቀው ነገር በስሜ ተረጋግጦ ይታተማል።

ያን ቅዳሜ ከተማውን በሚዞረው መንገድ፣ በቤልትዌይ፣ ስንነዳ ለሽማግሌው የአባቴ ተማሪ ነገርኳቸው።

“ጋሼ፣ ያን ዕለት ውሃ ያፈሰሱት እርስዎ ነዎት አይደል?”

“እኔ ነኝ እንጂ! ፎጣውም የኔው ነበር።”

“አባቴን ልዑል ነው ብለው ሊያትሙ ነው፤ የጻፈችው የአከራያችን ልጅ ናት። ያኔ ሴትዮዋ ስትጠይቀኝ ‘አዎ’ ብያታለሁ።”

እስኪያስላቸው ሳቁ። “እሳቸውን? የጭቃ መምህሬን? አይ አንተ! ውሃ ያፈሰስኩ እኔ፣ ዘውድ የጫንክ አንተ!” ከዚያ ዓይናቸውን ጠረጉና፣ “ልጅቷ አሁን ስንት ዓመቷ ነው?”

“ሰባ አራት።”

“ተዋት እንግዲህ። የአሮጊት ደስታ ቀምተህ ምን ትሠራበታለህ?”

“ታሪክ ተብሎ ነው የሚታተመው።”

“ስድሳ ዓመት ሙሉ ያልታወሰህ ታሪክ ዛሬ ታወሰህ?”

ወደ አሌክሳንድሪያ የሚያሻግረውን ድልድይ ተሻገርን።

ሊቀ መንበሯ ስብሰባውን ከፍተው እንግዶቹን አስተዋወቁ። ልጅቷ፣ አሁን ነጭ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ ሳህኑን ወደ ካሜራው አስጠጋችው። ዳሩ ሰማያዊ መሆኑን ረስቼው ነበር። የተነጋገርነው በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚህ “አንቺ”ና “አንተ” ብዬ የምጽፈው በልጅነታችን እንደዚያ ስለነበርን ነው።

“ልዑል ሆይ” አለች፣ “በዛፍ ፍሬ ጨዋታ አሁንም ትሸነፋለህ?”

ከኪሴ ወረቀት አወጣሁ። ሦስት ሌሊት ያረምኩት፣ ምክንያቱንና ይቅርታውን በየቦታው ያስቀመጥኩበት አንድ ሙሉ ገጽ ነበር። ቀና ሳልል እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ስጨርስ ልጄ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። በስክሪኑ ያሉት ሦስቱ ግን እንደ ጅማሬው ፈገግ ብለው ይጠብቁኛል።

“አባባ” አለች የልጅ ልጄ በሹክሹክታ፣ “ሚዩት ላይ ነህ።”

ሽማግሌው “ምን አለች?” አሉ።

“አልሰሙትም” አልኳቸው።

“እንግዲያው ፈጣሪ ዕድል ሰጥቶሃል፤ ‘እንዴት ከረማችሁ’ በላቸውና እንሂድ።”

የልጅ ልጄ ቁልፉን ነካች። ወረቀቱን ድጋሚ ለማንበብ አቅም አጣሁ። “አባቴ ልዑል አልነበረም” አልኩ። “ስለ አፈር የሚያስተምር መምህር ነበር። እናትሽ ስትጠይቀኝ ‘አዎ’ ያልኳት እኔ ነኝ። ክፍልሽን የወሰድኩብሽ በውሸት ነው።”

ጸሐፊው መጻፍ አቆሙ። እሷ ሳህኑን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

“ታዲያ ሰዎቹ ለምን አጎነበሱለት?”

“ስላስተማራቸው ነው። ውሃ ያፈሰሱት ሰው እነሆ፣ አጠገቤ ተቀምጠዋል።”

ሽማግሌው ሳያስቡት ከሶፋቸው ከፍ ብለው ለስክሪኑ እጅ ነሡ። እሷ ወደ ካሜራው ጠጋ ብላ ተመለከተቻቸው።

“ስላስተማራቸው ብቻ?”

“ለዚያ ብቻ።”

“ታዲያ ይህን ምን ላድርገው?” ሳህኑን በጣቷ መታችው።

“ዱቄት ታቡካበት በላት” አሉ ሽማግሌው በአማርኛ። የልጅ ልጄ ሳንጠይቃት ተረጎመችው። ሊቀ መንበሯ ሳቁ፤ እሷ አልሳቀችም።

“ሳህኑ ያስቃል። ፈተናው ግን አያስቅም” አለች።

“አያስቅም” አልኩ። ይቅርታ የሚለው ቃል ወረቀቱ ላይ በሁለት ቦታ ተጽፎ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ከአፌ የወጣው አንድ ጊዜ ነው፣ እሱም በቀስታ።

ሊቀ መንበሯ ገጹን ከመጽሐፉ ማውጣት እንደሚቻል፣ ማተሚያ ቤቱ እስከ ሰኞ እንደሚጠብቅ ተናገሩ። እሷ ራሷን ነቀነቀች። “አይወጣም። እንደገና እንጽፈዋለን፤ እሱና እኔ። እናንተ ሂዱ፣ ሻያችሁን ጠጡ።” ሊቀ መንበሯና ጸሐፊው ተሰናብተው ወጡ። ልጄ ሽማግሌውን ወደ ላንግሊ ፓርክ ልታደርሳቸው ተነሣች። በሩ ላይ ትከሻዬን ጨበጥ አድርገው፣ “አባትህ ቢሰማ በሞፈር ይመታህ ነበር” አሉኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “እኔንም በፎጣው” አሉ።

ስመለስ ስክሪኑ ላይ ብቻዋን ቀርታ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ እስክሪብቶ ይዛ ትጠብቀኝ ነበር።

“በዚያ የብርድ ወራት የኋለኛውን ክፍል እኔ አውቀዋለሁ” አለች። “መስኮቱ በውስጥ በኩል በረዶ ይሠራ ነበር። ያንን እኔ እጽፋለሁ። የፊተኛውን አንተ ንገረኝ። እሳቱ ማታ ማታ ይነድ ነበር?”

ለዚያ ቤት ሰው ለሁለተኛ ጊዜ፣ “አዎ” አልኩ። “በየማታው።”

“እስከ ስንት ሰዓት?”

“እንቅልፍ እስኪወስደኝ። ሲነጋም ፍሙ ነበር።”

ጻፈችው። “ቀጥል።”

አልጋው በየት በኩል እንደነበረ፣ አባቴ ደብተሩን ይዞ የት እንደሚቀመጥ፣ እናቷ ከሰሉን ይዛ ስትገባ ምን እንደምትል ነገርኳት። ምሳ ሰዓት አለፈ። ከሰባታችን የቀረነው ሁለት ነበርን፤ መስመሩ እንዳይቋረጥ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የምትጠብቀውን የልጅ ልጄን ስቆጥር ሦስት።